ሻማ የበራለት ስም

ፍራንክፈርት፣ ኤፕሪል 5 ቀን 1998

ይድረስ ለማከብርዎ አጎቴ ለመምህር ዘርኣማርያም ዓንደሚካኤል፤

ከእኔ፣ ከልጄ ከኣብርሀትና ከእናቷ የናፍቆት ሰላምታ ይድረስዎ። ጉልበትዎ እንዴት ከረመ? እትዬ አያልነሽስ እንዴት ናቸው? ጡረተኛ ጓደኛዎን መምህር በሪሁንን፣ እነ ኢዮብን፣ የዕድሩን ሰዎች፣ ያን ሌባ ሲመጣ የሚተኛ ውሻችሁን ሳይቀር ሰላም በሉልኝ። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ብርዱ ብቻ አልለቀቀንም።

ዛሬ የምነግርዎ ነገር ያስቅዎታል። አይሪሽኛ መማር ጀምሬያለሁ።

አሁን የምሠራው ሳክሰንሃውሰን የሚባል ሰፈር ውስጥ በአንድ የአየርላንዶች መጠጥ ቤት ኩሽና ነው። ባለቤቱ ፖድሪግ ይባላል፤ አየርላንድ ውስጥ ባሕር ዳር ካለ ገጠር የመጣ ሰው ነው። አገሩን እንግሊዝኛ ሳይውጠው በፊት ሕዝቡ አይሪሽኛ ነበር የሚናገረው፤ እሱ ከእናቱ ተምሮታል። እዚህ የሚያወራው ሰው ስላጣ ብርጭቆ ስናጥብ እኔን ያናግረኝ ጀመር። መጀመሪያ የመለስኩለት አዝኜለት ነው። በኋላ ግን «ልጆቼን በአይሪሽኛ ስጠይቃቸው በጀርመንኛ ይመልሱልኛል» አለኝ። ይህን ሲለኝ ልጄ ትዝ አለችኝ። ኣብርሀት አሥራ አራት ዓመቷ ነው። በእናቴ፣ በእርስዎ እህት ስም ጠርቻት፣ በትግርኛ ብጠይቃት በጀርመንኛ ነው የምትመልስልኝ፤ በአማርኛ ብጠይቃትም ያው ነው። አንድ ቀን ልጄን በአስተርጓሚ የማናግር እየመሰለኝ እፈራለሁ።

ፖድሪግ ከመጋዘኑ፣ ከቢራ በርሜሎቹ ጎን፣ ኮምፒዩተር አለው። በስልክ መስመር ሲገናኝ ጅራቷን እንደተረገጠች ድመት ይጮሃል። በዚያ ውስጥ አይሪሽኛ የሚናገሩና የሚማሩ ሰዎች ማኅበር አለ፤ ስሙን በፈረንጅ ፊደል ከወረቀቱ ጀርባ ጽፌልዎታለሁ። አንዱ የጻፈው ለሁሉም ይደርሳል፤ አሜሪካ ላለውም፣ አውስትራሊያ ላለውም። ሕጋቸው አንድ ነው፤ እንግሊዝኛ መጻፍ ክልክል ነው። ብትሳሳት እየሳቁ ያርሙሃል እንጂ አያባርሩህም። አዲስ የገባ ሰው ደግሞ ማን እንደሆነ፣ የማን ወገን እንደሆነ ይናገራል። እኔም «የአንድ አማርኛ መምህር የእህት ልጅ ነኝ» ብዬ ጻፍኩ።

ሰላምታቸው «ጂያ ዊት» ነው፤ እግዚአብሔር ካንተ ጋር ይሁን ማለት ነው። የሚመልሰው ሰው ማርያምን ጨምሮበት «ጂያ ስ ሙረ ዊት» ይላል። ይህን ለእትዬ ይንገሩልኝ።

የሚያስፈልግዎ ነገር ካለ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ሳሕለ


አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 22 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለልጄ ለሳሕለ፤

ከደጃችን ጀምሮ እስከ ዕድሩ ድንኳን ድረስ ያለ ሰው ሁሉ ሰላም ይልሃል። ውሻው ግን ስድብህን ሰምቶ ተቀይሟል።

አንተ ልጅ፣ አፍህ አልደከመውም? በትግርኛ ተወልደህ፣ በአማርኛ ተምረህ፣ በጀርመንኛ ሠርተህ እየበላህ፣ አሁን ደግሞ አይሪሽ! እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ቋንቋ አስተምሬ ግማሹን ክፍል ማሳለፍ አቅቶኝ ነው ጡረታ የወጣሁት። ሆኖም እውነቱን ልንገርህ፤ ደብዳቤህን ሳነብ ኩራት ተሰማኝ። እሑድ በዕድሩ ስብሰባ ላይ ለሁሉም አነበብኩት። የእህቴ ልጅ በኮምፒዩተር ከዓለም ዙሪያ ከአይሪሾች ጋር ይጫወታል ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ኢዮብ፣ ያ የጎረቤታችን ልጅ፣ አንድ የውጭ ድርጅት ቢሮ ውስጥ ኮምፒዩተር ላይ ነው የሚሠራው፤ «አባባ፣ እኔም ፈልጌ አየዋለሁ» አለኝ። ስሙን ጠየቀኝ፤ ማኅበሩ ምን ይባላል አለኝ። ካንተ ደብዳቤ ላይ አሳየሁት።

አያልነሽ ሰላምታውን ይዛዋለች። ጠዋት «ጂያ ዊት» ስላት እጇን ከሊጡ ሳታወጣ ማርያምን ጨምራ ትመልስልኛለች። «ስትመልስ የምትጨምር አገር ክፉ አትሆንም» አለችኝ። አርባ ዓመት አብረን ስንኖር እኔን እንዲህ አድርጋ አወድሳኝ አታውቅም።

የሚያስፈልገኝ የማንበቢያ መነጽር ነው። የድሮው አንድ ጎኑ በክር ታስሯል። ሰው ሲመጣ ላክልኝ፤ አትቸኩል።

ለኣብርሀት የእናትህ ስም ከባድ መሆኑን ንገራት። በጀርመንኛም ቢሆን ትመልስ፤ ዝም ካላለች ተስፋ አለ።

አያልነሽ ሰላም ትልሃለች።

አጎትህ ዘርኣማርያም ዓንደሚካኤል


ፍራንክፈርት፣ ጁን 14 ቀን 1998

ይድረስ ለአጎቴ፤

እንዴት ናችሁ? እንዴት ናችሁ? ሌላ የምጀምርበት ቃል አጣሁ። ጦርነቱን በቴሌቪዥን አየን። በሁለቱም ወገን ከተማ ላይ ቦምብ ወደቀ ሲሉ ሰማን። አስመራና አዲስ አበባን የሚያገናኘው ስልክ ተቋርጧል ይላሉ። እዚህ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ትናንት አብረን ጸበል የጠጣን ሰዎች ዛሬ እየተያየን እንተላለፋለን። በሰፈራችሁ ሱቅ ስልክ ልደውልልዎ አስቤ ነበር፤ ሰው መሐል ቆመው ምን ይመልሱልኛል ብዬ ተውኩት።

ካዛንቺስ ሰላም ነው? የሚረብሻችሁ ሰው አለ? በቶሎ ይጻፉልኝ፤ አንድ መስመርም ይበቃኛል።

የአይሪሽኛው ማኅበር ሰዎች ዜናውን ሰምተው ስለ ዘመዶቼ ጠየቁኝ። እኔ እዚህ ማንም ያልጠየቀኝን እነሱ ስለጠየቁኝ እንባዬ መጣ። ከእነሱ አንዷ ብሪጅ የምትባል አሮጊት ናት፤ ጡረታ የወጣች፣ አይቻት የማላውቃት ሴት። «ለአጎትህ ሻማ ላብራለት፤ ስሙን ንገረኝ» ብላ ጻፈችልኝ። እኔም ሙሉ ስምዎን ከነአባትዎ ከነአያትዎ፣ የክርስትና ስምዎን ወልደ ሥላሴን፣ አስመራ አጠገብ የተወለዱባትን መንደር፣ አሁን የሚኖሩበትን ሰፈር ሁሉ ጻፍኩላት። ለቄስ ስም ሲሰጥ እንዲህ ነው የሚሰጠው፤ ጸሎቱ መንገድ እንዳይስት። ብሪጅ ሻማውን አበራች። ከዚያ ሌሎቹም ከየአገሩ «እኛም አበራን» እያሉ ጻፉ። ያን ቀን መተኛት ቻልኩ።

መነጽሩን በሰው እጅ ልኬዋለሁ።

ልጅዎ ሳሕለ


አዲስ አበባ፣ ሐምሌ 3 ቀን 1990 ዓ.ም.

ሳሕለ፤

ሰላም ላንተ ይሁን። ለጊዜው የሰፈሩን ሰው በስም እየጠራህ ሰላም በልልኝ ማለቱን ተወው።

ምን ነካህ? ምን አሰብክ? ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አንብቤ ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት።

ለጸሎት የተሰጠ ስም በቄስ ጆሮ ውስጥ ነው የሚቀረው። አንተ ወስደህ ገበያ መሐል ሰቀልከው። ቋንቋው አይሪሽ ነው እንዳትለኝ። ዙሪያውን ያለው ወሬ አይሪሽ ይሁን ቻይና፣ ስሜ ስሜ ነው። አስመራ አስመራ ነው። ካዛንቺስም ካዛንቺስ ነው። የሚያነበው ሰው ሌላ ምን ይፈልጋል?

እዚህ ያለውን ነገር ላስረዳህ። ተወልደብርሃን ባለ ጋራዡን ታስታውሰዋለህ፤ አንተን ብስክሌት ያስተማረህ። ባለፈው ሳምንት ወሰዱት። ሚስቱና ልጆቹ እዚህ ቀሩ፤ እሱን በአውቶቡስ ወደ ድንበር ወሰዱት አሉ። ከእሱ በኋላ ሁለት ቤት ተንኳኳ። ማን እንደሚቀጥል ማንም አያውቅም። እኔ ከአምስት ዓመት በፊት ለዚያ የኤርትራ ድምፅ መስጫ ተሰልፌ ነበር፤ አገሬ ምን እንደምትሆን ስጠየቅ ደስ ብሎኝ ነበርና። አሁን ያን ቀን የተሰለፍን ሰዎች ስንገናኝ አንተያይም።

እስካሁን ሰፈሩ የሚያውቀኝ በ«መምህሩ» ነው። ልጆቹን ፊደል ያስቆጠርኩ ሰው ነኝ። ከየት እንደመጣሁ የሚያነሳ አልነበረም፤ የሚያውቁትም ረስተውታል ብዬ ነበር። አሁን ግን ኢዮብ አለ። ማኅበሩን አሳየኝ ሲለኝ እኔው ነኝ ሞኙ፣ በዕድሩ መሐል አፌን ከፍቼ ስሙን ያስነበብኩት። ትናንት በር ላይ አገኘሁትና ፈገግ ብሎ «አባባ፣ አይሪሾቹ እንዴት ናቸው?» አለኝ። ሰላምታ ይሁን ሌላ ነገር አላውቅም። ቤት ገብቼ ተቀመጥኩ።

አጥፋው። እንዴት እንደሚጠፋ አላውቅም፤ አንተ ግን አጥፋው። መነጽር አልፈልግም፣ ሌላም ነገር አልፈልግም፤ የምለምንህ ይህን ብቻ ነው።

ስልክ አትደውል።

አጎትህ ዘ.


ፍራንክፈርት፣ ጁላይ 28 ቀን 1998

ለአጎቴ፤

እግርዎ ሥር ወድቄ ይቅርታ እለምናለሁ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ዕለት ኩሽናውን ጥዬ ወደ መጋዘኑ ሮጥኩ።

ፖድሪግ ያለኝን ልንገርዎ። አንድ ጊዜ የተላከ መልእክት በየሰዉ ሣጥን ይገባል፤ ከዚያ ማውጣት አይቻልም። በተጨማሪ አንድ ዩኒቨርሲቲ ያለ ትልቅ ኮምፒዩተር ሁሉንም ያስቀምጣል። ያን የሚጠብቀው ሰው እረፍት ላይ ነው፤ መስከረም ሳይጠባ አይመለስም።

ስለዚህ ለማኅበሩ በሙሉ ጻፍኩ። በችግር ጊዜም ቢሆን ሕጋቸው ሕግ ነውና በአይሪሽኛ ነው የጻፍኩት። «የአጎቴን ስም እባካችሁ አጥፉ፤ አደጋ አለው» ለማለት መዝገበ ቃላት ሳገላብጥ ዋልኩ። የመጀመሪያው መልስ የመጣው ከአንድ ፊንላንዳዊ ተማሪ ነው፤ ስህተቴን አርሞ ላከልኝ። ከዚያ ሌሎቹ መጡ፤ አዘንን፣ አይዞህ፣ እንጸልያለን የሚሉ። ግን አጎቴ፣ እዚህ ሰው ሲመልስ የተመለሰለት መልእክት ከሥሩ ተያይዞ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ባዘኑልኝ ቁጥር የእርስዎ ስም እንደገና ይላካል። አንዱ ደግ ሰው ደግ ቃል ይጽፋል፣ ከታች ዘርኣማርያም ዓንደሚካኤል። ሌላው ይጽፋል፣ እንደገና ዘርኣማርያም ዓንደሚካኤል። መጨረሻ ላይ ፖድሪግ በትላልቅ ፊደል «ዝም በሉ!» ብሎ ጻፈላቸው። የእሱም መልእክት ከሥሩ ስምዎን ይዞ ሄደ።

ኣብርሀትን ጠየቅኳት፤ እነሱ በትምህርት ቤት ይማሩታል። ስክሪኑን አየችና «ፓፓ፣ ዳስ ጌት ኒሽት ሜር ቬክ» አለችኝ። ከእንግዲህ አይጠፋም ማለቷ ነው። ምክንያቱን ስነግራት ፊቷ ተለወጠ። ከዚያ በትግርኛ «እዚ ኣኮኻ?» አለችኝ፤ ይህ የእናትህ ወንድም ነው ወይ ማለቷ ነው። ሁለት ቃል ናቸው፤ ለሁለት ቃል ይህን ያህል መክፈል አልነበረብኝም።

አንድ ሐሳብ አለኝ። እዚህ የግብዣ ወረቀት ላወጣልዎ እችላለሁ። የውጭ አገር ሰዎች ቢሮው በሚቀጥለው ወር ቴርሚን፣ ቀጠሮ ማለት ነው፣ ሰጥቶኛል። ለሁለታችሁም አወጣለሁ። እሺ ይበሉኝ።

ልጅዎ ሳሕለ


ነሐሴ 20 ቀን 1990 ዓ.ም.

ልጄ፤

ደህና ነን። ዝናቡ በርትቷል።

ደብዳቤህ ተከፍቶ እንደገና የተለጠፈ መሰለኝ። ሙጫው እርጥብ ስለነበረ ነው ትለኝ ይሆናል፤ ምናልባት እንዳልከው ነው። ከእንግዲህ በጡረተኛው ጓደኛዬ ሣጥን ላክ፤ ማን እንደሆነ ታውቃለህ። በፖስታው ላይ የእኔን ስም አትጻፍ።

እንዳሰብከው ጀርመን አልመጣም። አልቀበልም ማለቴ ኩራት አይደለም። ፓስፖርት ልጠይቅ ብሄድ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ የት እንደተወለድኩ ነው። ቤቴ ቁጭ ያልኩ ሰው ሄጄ በራሴ አፍ ልንገራቸው? ደግሞ እሷ ከዚህ አትነሳም። የእናቷ መቃብር እዚህ ነው፤ እኔም ካለችበት ሌላ የምሄድበት የለኝም።

ያ ልጅ ሰሞኑን በር ላይ አቁሞ «አባባ፣ ሙሉ ስምዎ ማን ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። ለምን አልኩት። «እንዲያው ነው» አለኝ። ሌሊቱን ሙሉ ይህን «እንዲያው» ሳኝክ አደርኩ። ከዚያ ወዲህ ጫማዬን በሩ ሥር አስቀምጫለሁ፤ ውስጡ ካልሲ፣ ከጎኑ የጉልበቴ መድኃኒት። እሷ ስታየው አንስታ አልጋ ሥር ትከተዋለች፤ እኔ ማታ እመልሰዋለሁ። ስለ ጫማው አንነጋገርም።

መነጽሩ ደርሷል፤ ጥሩ ነው። ጋዜጣ አነባለሁ ብዬ አደርገውና አይኔ በሩ ላይ ነው የሚቀረው።

ጠዋት ጠዋት አሁንም ያን ሰላምታ እላታለሁ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የምላት፤ እሷም ማርያምን ጨምራ በሹክሹክታ ትመልስልኛለች። የገዛ ቤታችን ውስጥ ማንም በማያውቀው ቋንቋ እየተደበቅን እግዚአብሔርን እንጠራለን። የሚያስቅ ነገር ነው፤ ሳቅ ግን አልመጣልኝም።

በርታ።


ፍራንክፈርት፣ ሴፕቴምበር 20 ቀን 1998

ለአጎቴ፤

ያ ሰው ከእረፍት ተመለሰ። ደግ ሰው ነው፤ ስምዎ ያለባቸውን መልእክቶች ሁሉ ከዋናው ኮምፒዩተር ለማንሳት ተስማምቷል፤ ጥቂት ጊዜ ይፈጅብኛል ብሏል። በየሰዉ ሣጥን የገባውን ግን እሱም ሊያነሳው አይችልም። ሁሉም አጥፉ ተብለዋል። ማን እንዳጠፋ ማን እንዳላጠፋ አላውቅም። ከሰዎቹ አንዱን እንኳ በአካል አይቼው ስለማላውቅ በሌሊት ፊት እፈጥርላቸዋለሁ፤ የምፈጥረው ሁሉ ክፉ ፊት ነው።

እባክዎ ይጻፉልኝ።

ሳሕለ


ፍራንክፈርት፣ ኦክቶበር 18 ቀን 1998

ለአጎቴ፤

ደብዳቤ አልደረሰኝም። ያለፈው በመንገድ ጠፍቶ ይሆናል ብዬ ይህን ላኩ። አዲስ ዓመት እንኳን አደረሳችሁ ሳልል አለፈ። ባዶ ወረቀትም ቢሆን በፖስታ ይላኩልኝ፤ የእጅዎን ጽሑፍ አድራሻው ላይ ካየሁ ይበቃኛል።

ሳሕለ


ጥቅምት 27 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለሳሕለ፤

እኔ ነኝ። እሱ ሲጽፍልህ ከጎን ተቀምጬ ሰላም በለው የምለው፤ ዛሬ የምጽፈው እኔ ነኝ። የጻፍካቸውን ሁለቱንም ደብዳቤዎች ጓደኛው አምጥቶልኛል።

ወሰዱት።

የመጡት በጠዋት ነው። ከመጡት አንዱ እሱ ያስተማረው ልጅ ነበር። አንገቱን ደፍቶ «ቲቸር፣ ጫማዎን ያድርጉ» አለው። ያ እኔ ሳነሳው እሱ ሲመልሰው የከረምነው ጫማ በሩ ሥር ቆሞ፣ እሱ ግራ ገብቶት በነጠላ ጫማ ወጣ። ጫማውን ይዤ ስሮጥ መኪናው ተነሳ። መነጽሩ ጋዜጣው ላይ ቀርቷል። መድኃኒቱም ቀርቷል። ሲወጣ ዞር ብሎ ያን የአይሪሾች ሰላምታ አለኝ። ሰው ስላለ ሌላ ምንም ማለት አልቻለም። እኔም መመለስ አቃተኝ። ማርያምን ጨምሬ መመለስ ነበረብኝ፤ አፌ ተያዘ።

አንድ ቦታ አቆይተዋቸው ነበር፤ ስንቅ ይዤ ሄድኩ፣ አላስገቡኝም። በሦስተኛው ቀን ስሄድ ግቢው ባዶ ነው። በበረሃው በኩል በአውቶቡስ ወሰዷቸው አሉ። ይድረስ አይድረስ አላውቅም። ወደዚያ ስልክ የለም፣ ፖስታ የለም። በሕይወት አለ ብዬ ለማን ልደውል?

ልጄ፣ አንድ ነገር ልለምንህ። እሱ ስሜን አጥፋ እያለ ለመነህ። አሁን እሱ የለም፤ እኔ ነኝ የምጠይቅህ። ያጠፋኸውን ስም መልሰህ ጥራው። ያገሩ ሰዎች፣ ያቺ ሻማ ያበራችው ሴት፣ የምታውቀው ሰው ካለ ትጠይቅ። ቢቆጣ በእኔ ይቆጣ። ቁጣውን ብሰማ ደስ ይለኛል።


ፍራንክፈርት፣ ኖቬምበር 24 ቀን 1998

ለማከብርዎ እትዬ፤

ደብዳቤዎን አንብቤ ኩሽና ውስጥ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ፖድሪግ መጥቶ ከጎኔ ተቀመጠ፤ ምን እንደሆነ አልጠየቀኝም።

ያሉኝን አድርጌያለሁ። ማድረጉ ግን እንዴት እንደከበደኝ ልንገርዎ። የስሙን መጀመሪያ ጽፌ አጠፋሁት። እንደገና ጽፌ እንደገና አጠፋሁት። ይህ ስም ነው ያስወሰደው እያልኩ አሰብኩ፤ አሁንም ያለበት ቦታ ሌላ ክፉ ሰው ቢያነበውስ? ኣብርሀት ከኋላዬ ቆማ ታይ ነበር። እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ በትግርኛ «ጽሓፎ» አለችኝ፤ ጻፈው። ጻፍኩት። የእርስዎን ስም፣ ቤቱን፣ ሰፈሩን አላነሳሁም።

ብሪጅ ወዲያው መለሰችልኝ። ሻማውን ከሰኔ ጀምሮ አላቋረጠችም፤ ስሙንም በቃሏ ይዛዋለች። የወንድሟ ልጅ ኖራ ነርስ ናት፤ ከአዲስ አበባ የተባረሩትን በሚቀበሉበት የኤርትራ ወደብ ላይ ነው የምትሠራው። ብሪጅ ጻፈችላት። ኖራ የሰው ብዛት ልክ የለውም ብላ መለሰች። ከዚያ ወዲህ መልስ የለም።

እኔ የምሰማውን ሁሉ ይሰማሉ። ክፉም ቢሆን አልደብቅዎትም።

ልጅዎ ሳሕለ


አስመራ፣ ጃንዋሪ 17 ቀን 1999

ይድረስ ለልጄ ለሳሕለ ኣስማእ፤

ቀኑን እንዳየኸው እዚህ በፈረንጅ ነው የሚቆጠረው። አንድ ድንበር ተሻግሬ ስምንት ዓመት አረጀሁ።

በሕይወት አለሁ። የእናትህ ጎረቤት የነበረች የዘመድ ልጅ ቤት ተጠግቻለሁ። ፊደሌ የተለቀው መነጽር ስለሌለኝ ነው። ሌላ ላክልኝ፤ አሁንም አትቸኩል ልልህ ነበር፣ ግን ቸኩል።

ስለ መንገዱ ብዙ አልጽፍልህም። አውቶቡስ ነበር፣ በረሃ ነበር፣ ከዚያ መርከብ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ሙሉ መንገድ የሱቁን ቁልፍ በእጁ ይዞ ነበር። ቁልፉ ከእንግዲህ የሚከፍተው በር እንደሌለ ያወቀው ሲደርስ ይመስለኛል።

ወደቡ ላይ በድንኳን ውስጥ ስንከርም አንድ ቀን አንዲት ነጭ ሴት ወረቀት ይዛ ገባችና ጮክ ብላ ስም ጠራች። ዘርኣማርያም ዓንደሚካኤል ጠዓመ አለች። ወልደ ሥላሴ አለች። የክርስትና ስሜን እዚያ የሚያውቅ ሰው የለም። ያ ነገር ተከትሎኝ መጣ፣ ባሕር ተሻግሮ ደረሰብኝ አልኩ። ብርድ ልብሴን ተከናንቤ ዝም አልኩ። ሁለተኛ ጠራች፤ ዝም። ጎኔ ያለው ሰው «መምህር፣ አንተን አይደለም?» አለኝ፤ አይደለሁም አልኩት። ሰው የገዛ ስሙን ሲክድ እንዴት ያለ ጣዕም እንዳለው ያን ቀን አወቅኩ።

ሴትዮዋ ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ቆመችና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ተስፋ እንደቆረጠ ሰው፣ «ጂያ ዊት» አለች።

ሳሕለ፣ ያን ቃል ለመጨረሻ ጊዜ የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ ለማን እንዳልኩት ታውቃለህ፤ መልሱን ሳልሰማ ነው መኪናው የተነሳው። ብርድ ልብሱን ጥዬ ተነሳሁና ማርያምን ጨምሬ መለስኩላት። ጮክ ብዬ ነው የመለስኩት። ከዚያ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ እሷም አለቀሰች፤ ድንኳኑ በሙሉ ምን ሆኑ ብሎ አፈጠጠብን።

አሁን አንተ እንቅልፍ እንድትተኛ አንድ ነገር ልንገርህ። የወሰዱኝ ሰዎች ስለ አይሪሽ ሰምተውም አያውቁም። አርባ ዓመት አንድ ሰፈር የኖረ ሰው ከየት እንደመጣ ለማወቅ ኮምፒዩተር አያስፈልጋቸውም። ኢዮብ ስሜን ለምን እንደጠየቀኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። እንዲያውም ሳስበው፣ ልጁም ሻማ ሊያበራልኝ ፈልጎ ይሆናል። ፍርሃት የጎረቤትን ልጅ ሰላምታ እንኳ እንዲህ አድርጎ ያበላሻል። ስታገኘው ሳይሆን ስታስበው በእኔ ፈንታ ይቅርታ በለው።

ያን ዋናውን ኮምፒዩተር የሚጠብቀውን ሰው፣ ገና አንስቶ ካልጨረሰ፣ ስሜን ተወው በለው። ይቀመጥ። ለሻማዋ እመቤት ከጉልበቴ ዝቅ ብዬ እጅ እንደነሳሁ በአይሪሽኛ ጻፍላት፤ ብትሳሳት ያርሙሃል።

የእሷን ስም ግን እዚያ ላይ አትጻፍ። ለጸሎትም ቢሆን አትጻፍ። የተባረረ ሰው ሚስት ሆና በዚያ ሰፈር ብቻዋን ናት፤ አሁን የምፈራው ለእሷ ነው፤ ይህ ፍርሃት ደግሞ የሚያልቅ አይመስለኝም። ከዚህ ወደ እሷ ፖስታ አይሄድም። አብሮ የተጣጠፈውን ወረቀት በሌላ ፖስታ አድርገህ በጓደኛዬ ሣጥን ላክላት። ከላይ ስም የለውም፤ የማን እንደሆነ ታውቀዋለች።

በፊት ደብዳቤዬን ስጨርስ ከጎኔ ሆና ሰላም የምትልህ ነበረች። ዛሬ ከጎኔ የለችም። ሰላም የምትላት አንተ ነህ።

አጎትህ
ዘርኣማርያም ዓንደሚካኤል ጠዓመ
በክርስትና ስሜ ወልደ ሥላሴ